የዘጠናዎቹን ሚያታ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሚያታ ማዝዳ ሂሮሺማ ውስጥ የሠራት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ናት። በ1989 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ታየች። የፊት መብራቷ ብቅ ጥልቅ የሚለው የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1997 ተመርቷል። አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ለሽያጭ ትቀርባለች። እኔ ይቺን መኪና ከልቤ ነው የምወዳት። ለዚህም ነው ሰው በችኮላ ገዝቷት ሲያዝን ማየት የሚከብደኝ።

ትልቁ ስህተት በቀለሟ መማረክ ነው። ጠላቷ ዝገት ነው። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ የሚወጣው ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ ባሉ ቱቦዎች ነው። ቱቦዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከዚያ ከበሩ ስር ያለውን ብረት ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ ግን ቦዲው ያብረቀርቃል! ስለዚህ ጎንበስ በሉና ከኋላ ጎማው ቀደም ብሎ ያለውን ቦታ ዳስሱ። ማግኔት ካልያዘ ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ከፈቀደ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ውሃ አፍስሱ፤ ወዲያው ከስር መውረድ አለበት። ከወንበሩ ጀርባ ያለው ምንጣፍ ከረጠበ እኔ ብሆን ትቻት እሄዳለሁ። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አካባቢ የኖረችዋንማ ሊፍት ላይ ሰቅላችሁ ሆዷን ሳታዩ አትግዙ።

ሁለተኛው፣ «ሞተሩ ያው አንድ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። እስከ 1991 አጋማሽ የተሠሩት ባለ 1.6 ሊትር ሞተሮች የክራንክሻፍታቸው፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞረው ዋና ዘንግ፣ ጫፍ አጭር ነው። ጫፉ ላይ የተገጠመው የፑሊው (ቀበቶ የሚያዞረው ክብ ብረት) ቡሎን በደንብ ሳይጠብቅ ከቀረ ጫፉ እየተበላ ይሄዳል፤ ጥገናውም ውድ ነው። ፑሊው ላይ 4 ክፍተት ካያችሁ አጭሩ ነው፤ 8 ከሆነ ረጅሙ። አጭሩ ከሆነ ሞተሩን አስነሱና ፑሊው ሲዞር እዩት። መወላገድ የለበትም።

«ታይሚንግ ቤልቱ ተቀይሯል» ሲሏችሁ ደረሰኝ ጠይቁ። ይህ የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞር ቀበቶ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይቀየራል። ቢበጠስ እንኳ የዚህ ሞተር ቫልቮች ከፒስተን ጋር አይጋጩም፤ ግን መንገድ ላይ ያስቀራችኋል።

በተቃራኒው፣ ጠዋት ስትነሳ ቀጭ ቀጭ አለች ብላችሁ ደህናዋን መኪና አትለፏት። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከጠፋ ብዙም አያሳስብም።

መጨረሻ ላይ ሻጩ ራሱ ጣሪያውን እንዲያወርድላችሁ ጠይቁት። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ መጀመሪያ ዚፑን መክፈት አለበት። ሳይከፍት ካጠፈው አያያዙን አያችሁ ማለት ነው። እንደገና ጎንበስ በሉና ከበሩ ስር ያለውን ብረት ዳስሱት።