የቲቪ ካርዱን ከመወርወራችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ

ኮምፒውተር ላይ የቲቪ ካርድ (ኮምፒውተሩ ላይ ቲቪ የሚያሳየውን ዕቃ) ገጥሞ ያልተናደደ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ካርቶኑ ላይ ሲታይ ሰክቶ ማየት ብቻ ነው የሚመስለው፣ ስትከፍቱት ግን ወይ ጥቁር ስክሪን ወይ ድምፅ የሌለው ምስል ወይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ስካን አድርጎ ዜሮ ቻናል። እኔም ካርዱን ስረግም ከርሜ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ አብሮት የመጣው ሶፍትዌር ሆኖ አገኘሁት፣ ስለዚህ ካርዱን ቶሎ አትፍረዱበት።

መጀመሪያ ካርዱ ምን እንደሚቀበል እዩ። ዲቪቢ ቲ (በአንቴና የሚያዝ የዲጂታል ስርጭት ዓይነት ነው) ብቻ የሚል ካርድ ከሱ በኋላ የመጣውን ዲቪቢ ቲ 2 ስርጭት አይቀበልም፣ ስሙ ስለተመሳሰለ አትሸወዱ፣ ሶፍትዌር ብትቀያይሩም ለውጥ የለውም። የድሮ አናሎግ ካርድ ከሆነ ደግሞ አናሎግ ስርጭት በተዘጋበት ቦታ በአንቴና ምንም አይዝም፣ ግን አትጣሉት፣ ከሪሲቨር በቢጫዋ ኬብል አስገብታችሁ ሶፍትዌሩ ላይ ከቲዩነር (የአንቴናው መግቢያ) ወደ ኮምፖዚት (የቢጫዋ ኬብል መግቢያ) ብትቀይሩት ይሰራል። ብዙ ሰው ይቺን መቀየር ረስቶ ነው ጥቁር ስክሪን ላይ የሚያፈጠው።

ቀጥሎ ድራይቨር፣ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት ካለ ሶፍትዌሩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው። የድሮ ካርዶች ብዙ ጊዜ ድራይቨራቸው ለ32 ቢት ብቻ ነው የተሰራው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይገባም። ዊንዶውስ 7 ላይ በሚድያ ሴንተር ታዩ የነበራችሁም ዊንዶውስ 10 ላይ እሱ ስለሌለ ሌላ ፕሮግራም መፈለግ ግድ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን አንዳንድ ድራይቨር ያጡ አሮጌ ካርዶች ያለምንም ሲዲ ይነሳሉ፣ ካልተነሱ ፈርምዌር ፋይል (ካርዱ ራሱ የሚሰራበት ፕሮግራም) ጎድሎ እንደሆነ ቼክ አድርጉ።

ድራይቨሩ ከገባ አብሮ የመጣውን ፕሮግራም ለጊዜው ተዉትና በቪኤልሲ (ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ነው) "ካፕቸር ዲቫይስ ክፈት" በሚለው ሞክሩ። በዛ ምስል ከመጣ ካርዱ ደህና ነው ማለት ነው። ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትክፈቱ፣ ካርዱን አንዱ ከያዘው ሌላው አያገኘውም፣ አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ዘጋሁት ስትሉት ከጀርባ ቁጭ ብሎ ይቆያል፣ ታስክ ማኔጀር ገብታችሁ ግደሉት።

ምስል አለ ድምፅ የለም? ይሄ እኔን ሁለት ቀን የበላኝ ነው። አናሎግ ላይ ፓል (የቀለም ቲቪ ስልት ነው) ማለት አንድ ነገር ብቻ አይደለም፣ ምስሉ አንድ ሆኖ ድምፁ የሚቀመጥበት ፍሪኩዌንሲ እንደ አገሩ ይለያያል፣ ቢጂ የሚባለው 5.5 ሜጋኸርዝ ላይ፣ አይ የሚባለው 6 ላይ፣ ዲኬ የሚባለው 6.5 ላይ። ሶፍትዌሩ ሲጫን አገር ምረጡ ሲላችሁ ኔክስት ኔክስት ብላችሁ ካለፋችሁት በተሳሳተው ይፈልግና ወይ ዝም ይላል ወይ ይንሿሿል፣ ሴቲንግ ገብታችሁ አስተካክሉት። እሱም ልክ ከሆነ ከካርዱ ወደ ሳውንድ ካርድ የሚሄድ አጭር ኬብል አለ፣ መሰካቱንና ላይን ኢን (የኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ) ሚዩት አለመሆኑን እዩ።

ቻናል እምቢ ካለ ኬብሉን ነቅላችሁ ተራ ቲቪ ላይ ሞክሩት። በስፕሊተር ለሁለት ከከፈላችሁት ሲግናሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ አናሎግ ቢሆን በረዶ እያዘነበም ይታይ ነበር፣ ዲጂታል ግን ይቆራረጥና ጭራሽ ይጠፋል። ካርዷ የዩኤስቢ ከሆነች በማራዘሚያ ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርጉ፣ አንቴናዋንም መስኮት አጠገብ።

ምስሉ ሲንቀሳቀስ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከተሰነጣጠቀ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብሩ፣ በቃ።

ሪከርድ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ምንም ሳይጨመቅ የሚቀዳ ሴቲንግ በሰከንድ ወደ 20 ሜጋባይት ይበላል፣ በሰዓት ከ70 ጊጋ በላይ ማለት ነው፣ ኤምፔግ 2 (ቪዲዮውን የሚጨምቅ) ብታደርጉት በሰዓት 2 ጊጋ አካባቢ ነው። የዲስኩ ፎርማት ፋት 32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ ስለማይችል ሁለት ሰዓት አካባቢ ላይ፣ ልክ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ቀጥ ይላል፣ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ ወደሆነ ዲስክ ቅዱ። ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ እንዲቀዳ ሞልታችሁ ከሆነ የምትተኙት ደግሞ ኮምፒውተሩም አብሯችሁ እንዳይተኛ ስሊፕን አጥፉ፣ መጀመሪያም የ5 ደቂቃ ሙከራ ቅዱና ድምፁም መግባቱን ሰምታችሁ ወደ አልጋ።