በፌርንቡስ ሲሙሌተር የመጀመሪያውን መስመር ያለ ቅጣት በሰዓቱ እንዴት መጨረስ እንደሚቻል

ፌርንቡስ ሲሙሌተር በጀርመን ከተሞች መካከል የሚመላለስ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነዱበት ጨዋታ ነው። ቲኤምኤል ስቱዲዮስ ሠርቶት በኤሮሶፍት አሳታሚነት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። ከ40 በላይ ከተሞች አሉት፤ መንገዱም ከእውነተኛው ርቀት አንድ አሥረኛ ተደርጎ የተመጠነ ነው። ጀማሪዎች ሰዓት ያለፈባቸው ሲመስላቸው ነዳጅ ይረግጣሉ። ጊዜው ግን የሚባክነው መናኸሪያ ውስጥና መታጠፊያ ላይ ስለሆነ ትኩረትዎን እዚያ ላይ ያድርጉ።

መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን ያስተካክሉ

የጨዋታ መሪ ካለዎት ሙሉ ዙሩን 900 ዲግሪ ያድርጉት። 270 ላይ ከተተወ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጣት የምታህል እንቅስቃሴ አውቶቡሱን ከረድፉ ታስወጣዋለች። በጌምፓድ የሚነዱ ከሆነ የመሪ ስሜታዊነቱን ዝቅ ያድርጉ፤ ዴድዞኑን ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ይያዙ። ከዚያ ካነሰ አውቶቡሱ በራሱ ወደ ጎን ይሳባል፣ ከበዛም መሪው ዘግይቶ ይመልሳል። በኪቦርድ ሲነዱ ቁልፉን ተጭነው አይቆዩ፤ ነካ ነካ ያድርጉት።

ቀጥሎ ግራፊክሱን ይመልከቱ። በስፖኪዮ ውስጥ የሚታየው ምስል ለብቻው እንደገና ስለሚሳል ኮምፒውተሩን ያደክማል። ምስሉ ከተንተፋተፈ መሪውም የዘገየ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ይህን የራሱ የመንዳት ችግር አድርጎ ይወስደዋል። መጀመሪያ ጥላዎችን፣ ከዚያ የትራፊኩን ብዛት ይቀንሱ። የስፖኪዮውን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጨርሶ ማጥፋት ግን አይገባም፤ ያለ ስፖኪዮ አውቶቡስ አይታጠፍም።

አጭር መስመር ይምረጡ

ከሃምቡርግ በርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው። እውነተኛው መንገድ 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በጨዋታው ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ፈጣኑን መንገድ፣ ማለትም አውቶባኑን፣ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልፉታል፤ የቀረው የከተማ ውስጥ መንገድ ነው።

ተሳፋሪ ማሳፈር

የእጅ ፍሬኑ መያዙን ሳያረጋግጡ በር አይክፈቱ። ከዚያ ወርደው የሻንጣ ክፍሉን ይክፈቱና ትኬት መፈተሽ ይጀምሩ። አንዳንዱ ተሳፋሪ ኮዱን ከስልኩ ያሳያል፣ አንዳንዱ የታተመ ወረቀት ይይዛል፣ ትኬት ያልቆረጠም ይመጣል። ቸኩለው ሁሉንም አያስገቡ፤ መዳረሻውን አይተው ይለፉ። ሁሉም ሲሳፈር የሻንጣ ክፍሉን መዝጋት አይርሱ። ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው፤ ክፍሉ ከሹፌሩ ወንበር ስለማይታይ ይረሳል። ቀበቶ እንዲያስሩ በማይክሮፎን ያሳውቁ፣ ዋይፋዩንና የአየር ማቀዝቀዣውን ያብሩ። ቆሞ ሳለ የሚያልቀውን ሥራ ወደ መንገድ ይዘው አይውጡ።

መታጠፍ፦ ከባዱ ክፍል

አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከ12 እስከ 14 ሜትር ይረዝማል፤ ሹፌሩም የሚቀመጠው ከፊት ጎማዎቹ ፊት ነው። የትንሽ መኪና ልምድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጥጉ ፊትዎ ሲደርስ መሪ ካዞሩ የኋላ ጎማው ጠርዙ ላይ ይወጣል።

ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ፍሬቻ ያሳዩና ፍጥነቱን ወደ 10 ወይም 15 ያውርዱ። ረድፍዎን ሳይለቁ ከቀኝ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ይራቁ። ወንበርዎ ጥጉን አልፎ እስኪሄድ ቀጥ ብለው ይንዱ፣ ከዚያ መሪውን በደንብ ያዙሩ። ዓይንዎ ከቀኝ ስፖኪዮ አይነሳ፤ የኋላ ጎማው ወደ ጠርዙ ከተጠጋ መሪውን ትንሽ መልሰው ወደፊት ይግፉ፣ ከዚያ እንደገና ያዙሩ።

ሌላው ወጥመድ ጅራቱ ነው። ከኋላ ጎማ በስተጀርባ የቀረው አካል ከሚታጠፉበት በተቃራኒ ይወጣል፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ጅራቱ ወደ ግራ ይመታል። ከመናኸሪያ ሲወጡ ጎንዎ የቆመውን አውቶቡስ የሚገጩት በዚህ ምክንያት ነው። የአውቶቡስዎ ግማሽ ያህሉ ከቦታው እስኪወጣ ድረስ ቀጥ ብለው ይንዱ፣ መሪውንም ከዚያ በኋላ ያዙሩ።

አውቶባን ላይ

የጀርመን ሕግ ለተፈቀደላቸው አውቶቡሶች የሚሰጠው ጣሪያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው። 120 የሚል ምልክት ለእርስዎ አይደለም፤ ትናንሽ መኪኖች ሲያልፉዎት ይተዉአቸው። ስሌቱን እንሥራ፦ 29 ኪሎ ሜትርን በ100 መንዳት 17 ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል፣ በ110 ደግሞ 16 ደቂቃ ገደማ። ሕግ ጥሰው ያተረፉት አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ፍጥነቱን በራሱ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል 100 ላይ ያስሩና ይረጋጉ።

ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ 50 ሜትር ይራቁ፤ አውቶባን ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሄድ አውቶቡስ ሕጉም ይህንኑ ያዛል። በ100 ፍጥነት በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ይጓዛሉ። በጀርመን ቀጥ ባለ መንገድ ዳር የቆሙት ነጭ አንጸባራቂ ምሰሶዎች በ50 ሜትር ልዩነት የተተከሉ ስለሆኑ ጥሩ መለኪያ ናቸው።

ፍጥነት ለመቀነስ አስቀድመው ሪታርደሩን፣ ማለትም ከፍሬን ፔዳሉ የተለየውን ረዳት ማቀዝቀዣ፣ ይጠቀሙ። ያለ ፍሬን ሸራ በቀስታ ስለሚይዝ ተሳፋሪው አይወዘወዝም፣ በረጅም ቁልቁለትም ፍሬኑ ግሎ አይደክምም። ሲያስገቡት ደረጃ በደረጃ ይሁን። መንገዱ ሲያንሸራትት ግን ይቆጠቡ፤ የሚይዘው የሚነዱትን የኋላ ጎማዎች ብቻ ስለሆነ ጅራቱን ሊያንሸራትት ይችላል።

መውጫ ላይ ፍጥነቱን ከክቡ ኩርባ በፊት ወደ 40 ያድርሱ። አውቶቡስ ከፍ ያለ ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መርገጥ ወደ ውጭ ያጋድለዋል።

መጨናነቅ ካጋጠመ የግራው ረድፍ ወደ ግራ፣ ሌሎቹ ወደ ቀኝ ይጠጉና ለአምቡላንስ መሐሉ ክፍት ይሆናል። መኪኖቹ ሳይቆሙ፣ ገና እየተንፏቀቁ ሳለ ይጠጉ፤ ከቆሙ በኋላ ረጅም አውቶቡስን ማስጠጋት አይቻልም።

መድረስ

ጣቢያው 100 ሜትር ሲቀረው በሪታርደር ይጀምሩ፤ ፍሬን ፔዳሉን ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ይተዉት። ልክ ከመቆምዎ በፊት ፔዳሉን ትንሽ ከለቀቁት የመጨረሻው ንቅናቄ አይሰማም። ወደ ጠርዙ በትንሽ ማዕዘን ገብተው ቀጥ ያድርጉ፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ በር ይክፈቱ፣ ሻንጣ ያስረክቡ። መካከለኛ ጣቢያ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ዞር ብለው የሻንጣ ክፍሎቹን በሁለቱም ጎን ያረጋግጡ።