ዘመንን በጥርስ መክፈል፦ ከጣና ማዶ ያለው ትምህርት

ባሕር ዳር ላይ እግር የሚያደናቅፈው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ረግቶ የሠራው ስለሆነ አጥንት ፍለጋ እሱን መፈልፈል ከንቱ ልፋት ነው። ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ፣ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጭልጋ ግን 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ደለል አላት። በደለል ውስጥ ከተቀበሩ የጥንት እንስሳት ጥርስና አጥንት ተነሥቶ የምድርን ታሪክ ወደ ዘመናት ለመክፈል ከእርሷ የተሻለ ቅርብ ምሳሌ የለንም።

በመጀመሪያ ንብርብሩን ከታች ወደ ላይ መዝግቡ፤ የታችኛው ይቀድማል። ጎርፍ አጥቦ ያወረደው አጥንት ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ስለማይታወቅ ቢያምርም ብዙ አይጠቅምም። ያለ ፈቃድ መቆፈር በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነውና ያገኛችሁትን ሳታነሡ ፎቶ አንሥታችሁ ለባህል ቢሮ አሳውቁ።

ቀጥሎ ጥርስ ላይ አተኩሩ። እኔ ከዝሆን የራስ ቅል ይልቅ የአሳማ የመጨረሻ የመንጋጋ ጥርስ ይሻለኛል። በበርካታ የአፍሪካ አሳማ ዘሮች ይህ ጥርስ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እየረዘመና ቁመቱ እየጨመረ ሄዷል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኬንያ ቱርካና አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ከሥሩ የተገኙት አሳማዎች ዕድሜያቸው ከታወቀው የኦሞ ሸለቆ አሳማዎች ጋር ሲነጻጸሩ ግን ዕድሜው በጣም የተጋነነ ሆነ። አመዱ እንደገና ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ወጣ፤ አሳማዎቹ ረቱ።

የአንዱን ዘመን መጀመሪያ ድንበር አዲስ እንስሳ ብቅ ባለበት ላይ አኑሩ። በጠፋበት ላይ ማኖር አደገኛ ነው፤ አለመገኘቱ የፈላጊው ዕድል ማጠር ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ጣቱ ፈረስ ሂፓሪዮን አፍሪካ የገባው ከ11 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው፤ እርሱ ያለበት የአፍሪካ ደለል ከዚያ አይበልጥም። ጭልጋ ላይ ፈረስም ሚዳቋም የለም። በምትካቸው ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን ያበቀለው አርሲኖይቴሪየም፣ የጥንት የዝሆን ዘመዶችና ከዛሬዋ ሽኮኮ በብዙ የሚገዝፉ ሽኮኮዎች አሉ። አፍሪካ በዚያን ጊዜ ከእስያ በባሕር ተለይታ ነበርና።

አጥንት ቅደም ተከተል እንጂ የዓመት ቁጥር አይነግርም። ቁጥሩን ከላይና ከታች ካለው አመድ፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ወደ አርጎን የተለወጠበትን መጠን በማስለካት አግኙ።

ለዘመኑ ስም ማውጣት የመጨረሻ ሥራ ነው። የሰሜን አሜሪካ ተመራማሪዎች የአህጉራቸውን ዘመናት በ1941 እ.ኤ.አ. ሰይመዋል፤ እነዚያን ስሞች ግን ጭልጋ ላይ አትለጥፉ፤ እንስሳቱ ሌሎች ናቸው።