የራማና ማሃርሺን ዱካ ከትውልድ መንደሩ እስከ አሩናቻላ እንዴት መከተል ይቻላል

ስለ ደቡብ ሕንዱ የሂንዱ መንፈሳዊ መምህር ስለ ራማና ማሃርሺ የሰማ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ በአሩናቻላ ተራራ ሥር ወዳለችው ቲሩቫናማላይ ከተማ ይወርዳል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አደረግሁ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከቤቱ ጠፍቶ ወደዚያ ተራራ ለምን እንደሄደ የገባኝ ግን በሁለተኛው ጉዞዬ ነው፤ ከተወለደበት ስጀምር። ስለዚህ የሕይወቱን ቅደም ተከተል ያዙ። አንድ ሳምንት ይበቃል። ጥርና የካቲት ጥሩ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይበረታል።

መጀመሪያ ማዱራይ አልጋ ያዙ። ከቼናይ የሌሊት ባቡር አለ። የትውልድ መንደሩ ቲሩቹሊ ከማዱራይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ደርሶ መልስ ነው። ራማና እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1879 የተወለደበት ቤትና የመንደሩ የሺቫ (የሂንዱ አምላክ) ቤተ መቅደስ ተቀራርበው ይገኛሉ።

ቀጥሎ ማዱራይ ያለው የአጎቱ ቤት ነው፤ ሚናክሺ ቤተ መቅደስ አጠገብ። አባቱ በ1892 ከሞቱ በኋላ ያደገው እዚህ ነው። በጁላይ 1896 ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ወለሉ ላይ እንደ ሬሳ ተዘርግቶ፣ ሰውነቴ ሲሞት እኔ እሞታለሁ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ቤቱ ውስጥ ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ቤተ መቅደሱ ሂዱ፤ ልጁ በ63ቱ የሺቫ ቅዱሳን ሐውልቶች ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገባም፤ በር ላይ አትከራከሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ ሰው ይዘለዋል። እናንተ አትዝለሉት። ኦገስት 29 ቀን 1896 ለወንድሙ የትምህርት ክፍያ ከተሰጠው ገንዘብ ሦስት ሩፒ ወስዶ፣ ደብዳቤ ትቶ ወጣ። ገንዘቡ ሲያልቅ በእግሩ ሄደ። ቲሩኮይሉር ላይ የወርቅ ጉትቻውን በአራት ሩፒ አስይዞ ወደ ቲሩቫናማላይ የባቡር ቲኬት ገዛ። እስከ ቪሉፑራም በባቡር፣ ከዚያ ቲሩኮይሉር ድረስ በአውቶቡስ ሂዱ። ወንዙ ዳር ዓለት ላይ ያለውን የአራያኒናሉር ቤተ መቅደስም እዩ።

ቲሩቫናማላይ ስትደርሱ ከትልቁ ቤተ መቅደስ ጀምሩ። በሺህ ዓምዶች አዳራሽ ሥር ያለው ጉድጓድ፣ ተባይ እግሩን እየበላው በተመስጦ የተቀመጠበት ነው። ከዚያ በከተማው በኩል ወደ ቪሩፓክሻ ዋሻ ውጡ፤ ከ1899 እስከ 1916 የኖረው እዚያ ነው። ከፍ ብላችሁ ከዚያ ቀጥሎ የኖረበትን ስካንዳሽራምን ታገኛላችሁ። ቁልቁል ስትወርዱ በስሙ የሚጠራው አሽራም (የመንፈሳዊ ሕይወት መኖሪያ) ደጅ ላይ ትደርሳላችሁ። በ1922 እናቱ ሲሞቱ እሱም ወደዚያው ወረደ፤ በ1950 ያረፈውም እዚያ ነው። አሽራሙ ውስጥ ማደር ከፈለጋችሁ ከወራት በፊት ጻፉላቸው።

የቀረው ተራራውን መዞር ነው። 14 ኪሎ ሜትር፣ በባዶ እግር። ለብዙዎቻችን ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን መግባት አዲስ አይደለም፤ አስፋልት ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ቁርሴን በልቼ ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን አስፋልቱ ምጣድ ሆነ። ውስጥ እግሬ ውሃ ቋጠረ። በመጨረሻ ግማሹን እንኳ በደንብ ሳላልፍ በባጃጅ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ጫማ ማጥለቅ አቃተኝ።

ስለዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሡ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ትጨርሳላችሁ። ተራራው ሁልጊዜ በቀኛችሁ ይሁን። የመንገዱን ግራ ያዙ፤ ወደ ተራራው ያለው ጠርዝ ለማይታዩት ቅዱሳን ይተዋል። ፀሐይ ከቀደመቻችሁ የአስፋልቱን ነጭ ቀለም ርገጡ፣ ይቀዘቅዛል። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበትን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። አትሩጡ። በዘጠነኛ ወሯ ላይ እንዳለች ንግሥት ቀስ ተብሎ ይኬዳል ይላሉ። መንገድ ላይ ስምንት የሊንጋም (የሺቫ ምልክት) መቅደሶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጋ ቆም በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ የእግራችሁን ጠጠር አራግፉ።