አረጋውያንንና ወጣቶችን የሚያገናኝ አፕ ልትሠሩ ነው? ይቺን አንብቡ

ብቸኝነት የሽማግሌ ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት ያጠቃዋል፤ በብዛት የታየው ደግሞ በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቻቸው ተበትነው ጎንደር አዘዞ ብቻቸውን የሚውሉትን እናትና ከሌላ ከተማ ለትምህርት ጎንደር መጥቶ በኪራይ ቤት የሚኖረውን ተማሪ አንድ ላይ አስቧቸው። ሁለቱም የሚሰጡት ነገር አላቸው። እሳቸው ወጥ ያስተምሩታል፣ እሱ ውጭ አገር ካለች ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ያገናኛቸዋል። አንዱን ተረጂ ብቻ ያደረገ መሣሪያ ብዙ አይቆይም።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ እድር ሂዱ። ማን ብቻውን እንደሚውል ከእድር ዳኛው በላይ የሚያውቅ የለም። አረጋውያኑ የሚያውቁት ሰው ወደ ቤታቸው ይዟችሁ ይግባ፣ ቡናው እስኪያልቅ ተቀመጡ፣ ስልካቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ቁጥር ማን እንደሚመታላቸው በደንብ እዩ።

ከዚያ ከጽሑፍ ሳይሆን ከድምፅ ጀምሩ። ፊደል መልቀም ለደከመ ዓይን ከባድ ነው። ድምፅም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፦ ቴሌግራም ላይ ማይኩን ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት ትንሽ ላላ ሲል መልእክቱ ሳያልቅ ይሄዳል። የእናንተው አንዴ ሲነኩት ይጀምር፣ አንዴ ሲነኩት ያቁም፣ ከመላኩ በፊትም መልሶ ያሰማቸው። ቁልፉ ላይ የወጣቱ ፎቶ ይኑር። "ተጫን" ሳይሆን "ይጫኑ" ይበል፤ እዚህ አገር ታላቅን አንተ የሚል ማሽን ማንም አይወድም።

ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙት ደግሞ ደውለው የሚያዳምጡት አገልግሎት ሥሩ። የግብርናው 8028 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ለገበሬው ምክር ያደረሰው እንዲሁ በስልክ ድምፅ ነው፣ ኢንተርኔት ሳይጠይቅ። ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ጎንደር ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ቀጠሮውም በእኛው አቆጣጠር ይሁን። "ነገ ሚካኤል ነው፣ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል" ቢላቸው ይገባቸዋል። ለሙስሊሟ እናት ከጁምዓ በኋላ በሉት።

ገንዘብ የሚነካ ነገር በፍጹም አታስገቡ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ወጣቱ እጅ ከገባ አንድ ቀን ጠብ ይነሳል፣ እምነቱም አብሮ ይሄዳል።

ስክሪን ላይ የቆዩበትን ደቂቃ አትቁጠሩ። ይልቅ ስንቱ በአካል ተገናኘ፣ ስንቱስ ተመልሶ መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የሚነካካ ግን ማንንም ቤት የማያስገባ አፕ ካያችሁ ንድፉን ቀይሩት።

ሁለት ቀን የአረጋውያኑ ድምፅ ከጠፋ ማሳወቂያው መጀመሪያ ለጎረቤት ይድረስ። ቶሮንቶ ያለው ልጅ ይደነግጣል እንጂ በር ማንኳኳት አይችልም። ጎረቤቱን ግን እናንተ አትምረጡላቸው፣ ራሳቸው ይምረጡ፤ ሲጣሉም መቀየር ይቻላቸው።