ክርንዎን ሲያምዎት፦ ከህመሙ ነጥብ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በጤነኛው እጅዎ አንድ ጣት ያንሱና በጣም የሚያምዎትን ቦታ ይጫኑ። መላውን መዳፍ ሳይሆን አንድ ጣት ብቻ። ክርን ላይ ሦስት አጥንቶችና ሦስት ዋና ዋና ነርቮች በጠባብ ቦታ ስለሚያልፉ፣ ጣትዎ ያረፈበት ነጥብ ስለ መንስኤው ብዙ ይናገራል።

ቦታዎቹን ለማወቅ ክርንዎን አጥፈው ይዳስሱት። ጫፉ ላይ ያለው ሹል አጥንት በትንሿ ጣት በኩል የሚወርደው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። በግራና በቀኝ የሚያገኟቸው ሁለት ጉብታዎች የላይኛው ክንድ አጥንት ናቸው። በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ደግሞ መዳፍዎን ሲያገላብጡ የሚሽከረከረው ነው።

የውጪው ጉብታ ሲያምም

መዳፍዎን ወደ ላይ ሲያደርጉ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጉብታ ነው። ማንቆርቆሪያ ሲያነሱ፣ ጨርቅ ሲጨምቁ፣ ሰው ሲጨብጡ ይወጋል። ለማረጋገጥ ክርንዎን ዘርግተው መዳፍዎን ወደ ታች ያድርጉ፤ የእጅዎን ጀርባ በሌላው እጅ ወደ ታች እየተጫኑ እጅዎን ከአንጓው ወደ ላይ ለማንሳት ይሞክሩ። ህመሙ እዚያው ጉብታ ላይ ከመጣ፣ ሐኪሞች የቴኒስ ክርን የሚሉት ሊሆን ይችላል። ስሙ አያሳስትዎት፤ ከሚያማቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቴኒስ ተጫውተው አያውቁም።

የሚጎዳው የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ከጉብታው ጋር የሚያያዝበት ጅማት ነው። ጅማቱ የሚያስቸግረው በዋናነት ተቆጥቶ ሳይሆን ክሮቹ በተደጋጋሚ ጫና ስላረጁ ነው። ማስታገሻ ክኒን ህመሙን ቢቀንስም ጅማቱን የማይጠግነው ለዚህ ነው። እጅን ለወራት ማሳረፍም አያድነውም፤ ያረፈ ጅማት ይበልጥ ይደክማል። የሚያስፈልገው የተመጠነ ሥራ ነው።

ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ መዳፍዎን ወደ ታች አድርገው፣ እጅዎን ከጠርዙ ያውጡ። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ይያዙና በሌላው እጅ እየደገፉ ወደ ላይ ያንሱት፤ ከዚያ የሚያመው እጅ ብቻውን እስከ 5 እየቆጠረ ቀስ ብሎ ያውርደው። 15 ጊዜ ይሥሩ፣ አርፈው ሁለት ዙር ይድገሙ። በሥራው ጊዜ መጠነኛ ህመም ቢኖር ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ከቀድሞው ከባሰ ግን ውኃውን ይቀንሱ። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ። እስከዚያው ዕቃ ሲያነሱ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው፣ ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ያንሱ።

ስለ ኮርቲዞን መርፌ (የተቆጣን አካል የሚያበርድ መድኃኒት ነው) አጥብቄ የምለው አለ። ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ሲታይ ግን መርፌውን የወሰዱት ካልወሰዱት የባሰ ውጤት እንዳላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ አይቸኩሉበት።

የውስጠኛው ጉብታ ሲያምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የሚጎዳው እጅን ወደ ታች የሚያጥፈው ጡንቻ ስለሆነ ልምምዱ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ይሠራል።

ትንሿና የቀለበት ጣት ሲደነዝዙ

ክርንዎ ሲጋጭ ኤሌክትሪክ እንደነካዎት የሚያነዝርዎት ነርቭ ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ ከቆዳ ሥር ያልፋል። ክርን ሲታጠፍ ነርቩ ይወጠራል፣ መተላለፊያውም ይጠብባል። ስለዚህ እጅን አጥፎ መተኛት፣ ስልክን ጆሮ ላይ ለረጅም ጊዜ መያዝና ጠረጴዛ ላይ መደገፍ ያባብሱታል። ማታ ፎጣ በክርንዎ ዙሪያ ላላ አድርገው ይጠቅልሉ፤ እጅዎ እንዳይታጠፍ ያግደዋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እየከሳ ከመጣ ግን ሐኪም ጋ ለመሄድ አይዘግዩ። የሟሸሸ ጡንቻ ሁልጊዜ አይመለስም።

ጫፉ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ሲወጣ

ለስላሳና ብዙም የማያም ከሆነ ከቆዳው ሥር ያለው ከረጢት ፈሳሽ ሞልቶ ነው። በክርን መደገፍ ሲያቆሙ በሳምንታት ውስጥ ይጎድላል። ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። በቤት ውስጥ በመርፌ አይውጉት።

ከባድ ዕቃ ሲያነሱ "ጧ" ሲል

ከክርኑ ፊት ለፊት ከጠቆረና መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ከደከመ፣ ከክንዱ አጥንት ጋር የሚያያዘው የጡንቻ ጅማት ተበጥሶ ይሆናል። ሌሎች ጡንቻዎች እጁን ማጠፍ ስለሚችሉ ብዙ ሰው ወለምታ መስሎት ይተወዋል። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት መሥራት በጣም ይቀላል።

በእጅ ተመርኩዘው ሲወድቁ

ሁለቱንም እጆችዎን ይዘርጉ። የተጎዳው እንደ ሌላው ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ራጅ ያስፈልጋል፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት ራስ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የክርኑ ቅርጽ ከተዛባ ውልቃት ወይም ስብራት ነው። እንዳለ ደግፈው ሆስፒታል ይሂዱ እንጂ ማንም እንዲስበው ወይም እንዲያሸው አይፍቀዱ፤ ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል፣ በጉልበት የታሸ ክርን ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅልም ይችላል። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ጣትዎን ሌላ ሰው ሲዘረጋው የማይቻል ህመም ከመጣ ሰዓት አይቆጠርም፤ ፋሻውን አላልተው ይገስግሱ።

ክርን ቶሎ ይደርቃል። ከ3 ሳምንት በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ መመለሱ ብዙ ልፋት ይጠይቃል፤ ሐኪሙ "አንቀሳቅስ" ባለበት ቀን ይጀምሩ፣ ቢያምም።

ጣትዎ ነጥቡን ሲያጣ

የትም ቢጫኑ ህመሙ ካልጨመረ፣ አንገትዎን ሲያዞሩ ግን ወደ ክንድ ከወረደ፣ ምንጩ አንገት ላይ የተጫነ ነርቭ ሊሆን ይችላል። የክንድ ህመሙ ደረትን ከመጫን፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ ነው ብለው ያስቡ፤ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ።