ካፕሮኒ በለገሃር ሰማይ፦ የጦርነት ዘመን ፎቶ አስመስሎ በማቀናበር የሚሠሩ ስህተቶች

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት ለማተሚያ ቤት የሚዞረው ፖስተር አንድ ዓይነት ነው፦ ቡናማ ሰማይ፣ መሃሉ ላይ የጦር አውሮፕላን፣ ከሥሩ የአዲስ አበባ ሕንጻ። መቁረጥና መለጠፍ ማንንም አያቅትም። ሥራው የሚበላሸው ከዚያ በፊት ነው፤ ፎቶው በየትኛው ዓመት፣ በስንት ሰዓትና በምን ካሜራ እንደተነሣ ሳይወሰን አውሮፕላን ፍለጋ ይገባል።

የተገኘውን አውሮፕላን መለጠፍ። የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ፎቶ በየቦታው ስለሞላ ብቻ አዲስ አበባ ላይ አይበርም። በ1933ቱ ዘመቻ እዚህ የተዋጉት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ሃሪኬንና ግላዲያተር ነበራቸው፣ ስፒትፋየር አልነበራቸውም። የ1928ቱ ወረራ ከሆነ ሦስት ሞተር ያላቸው የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ካፕሮኒ 133 ወይም ሳቮያ 81 ናቸው፤ የኢትዮጵያ ወገን ከሆነ ደግሞ ፖቴዝ 25። ጅራቱንም እዩት። የጣሊያን አውሮፕላን ጅራት ላይ ነጭ መስቀል የገባው በ1932 መጨረሻ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገጠመች ወዲህ ነው። በወረራው ጊዜ የነበረው አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ሰንበር ነው።

ሕንጻውም ዓመት አለው። የለገሃር ጣቢያ በ1922 ስለተከፈተ ፎቶው ውስጥ ቢገባ ያስኬዳል፤ ከፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ግን ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት ስለነበር በአምስቱ የወረራ ዓመታት ፎቶ ውስጥ መጥፋት አለበት። ጊዮርጊስ ፊት ያለው የምኒልክ ሐውልትም እንዲሁ ተነቅሎ ነበር። በአራት ኪሎው ሐውልት ላይ ካፕሮኒ ማብረርማ ቀልድ ነው፤ ሐውልቱ የቆመው ጣሊያን የተባረረበትን ቀን ለመዘከር ነው። የቀላል ባቡሩን ሽቦና ዲሹን ማጥፋት ማንም አይረሳም፣ እሱን እንለፈው።

ከሁሉ የሚያናድደው ከሥር የሚጻፈው «1936 ዓ.ም.» ነው። 1936 የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 1928 ነው። በ1936 ዓ.ም. ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዲት ቁጥር የሳምንት ሥራ ገደል ትከታለች።

ሞዴሉን ቆሞ ማንሣት። አውሮፕላኑን ከሞዴል፣ ማለትም መጠኑን ጠብቆ ከተሠራ ትንሽ ቅጂው፣ የምታነሡ ከሆነ ነው ይሄ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል፣ ምክንያቱም ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። ሞዴሉ 1 ለ72 ከሆነ (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ካነሰ) የካፕሮኒ 133 ክንፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእውኑ 21.24 ሜትር የሆነው፣ 29.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ሁሉም ነገር ለ72 ይካፈላል፣ ፎቶ አንሺው ጭምር። ሜዳ ላይ ቆሞ ካሜራውን 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ የያዘ ሰው ሌንሱ ከጠረጴዛው 2.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ስልክ ከሆነ ገልብጡት፤ ሌንሱ ወደ ታች ሲመጣ ጠረጴዛውን ሊነካ ይቀርባል፣ የሚፈለገውም ያ ነው። ቆማችሁ ቁልቁል ካነሣችሁት የክንፉ ጀርባ ይታያል፤ የቆመ ካፕሮኒን ከላይ የሚያየው አሞራ ነው።

ርቀቱም ያው ነው። ከሞዴሉ 50 ሴንቲ ሜትር ከራቃችሁ 36 ሜትር ርቃችኋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የጀርባውን ፎቶ ስታነሡ አውሮፕላኑ ሊቆም ከታሰበበት ቦታ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቁ፤ ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ሌንስ፣ ያለ ዙም አንሷቸው። የሚበር ከሆነ ሞዴሉን በክር ስቀሉና ከሥሩ ሁናችሁ አንሡት። 300 ሜትር የራቀ አውሮፕላን ከሌንሱ 4.17 ሜትር ይርቃል። 40 ሴንቲ ላይ ተነሥቶ በኋላ የተቀነሰ ሞዴል የቅርቡ ክንፍ ይወፍራል፣ የሩቁ ይሰልላል፣ ዓይን ወዲያው «አሻንጉሊት» ይላል። በካሜራ ስትሠሩ ዲያፍራሙን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ወደ f/16 ወይም f/22 አጥብቡ፤ አፍንጫው ጠርቶ ጅራቱ ብዥ ካለ ያው አሻንጉሊት ነው።

ብርሃኑን ከአምፖል መፈለግ። ጠረጴዛ ላይ ያለ አምፖል ለ1 ለ72 ሞዴል ግዙፍና ቅርብ ስለሆነ ጥላው ይበተናል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። በረንዳ ወይም ጣሪያ ላይ ውጡና የጀርባው ፎቶ በተነሣበት ሰዓት በፀሐይ አንሡት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቦታ ትቀይራለች፦ በታኅሣሥ አጋማሽ ከቀኑ 6 ሰዓት በደቡብ በኩል 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን በኩል 75 ዲግሪ ገደማ። የለገሃር ጣቢያ ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ጥላ ውስጥ ነው፤ ከላዩ ጎኑ በፀሐይ የበራ አውሮፕላን ስትለጥፉበት ሰዓቱ ይጣላል። የሚበር አውሮፕላን ጥላ ደግሞ ከሆዱ ሥር አይወድቅም። በዚያው የታኅሣሥ ቀትር 150 ሜትር ላይ የሚበር ካፕሮኒ ጥላው ወደ ሰሜን 95 ሜትር ያህል ርቆ ያርፋል፤ ከፍሬሙ ውጭ ከሆነ ባይሣል ይሻላል።

ቀለምን በአንድ ቁልፍ ማጥፋት። በዚያ ዘመን ብዙ ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ አያይም፣ ሰማያዊን ግን አብዝቶ ያያል። ስለዚህ ቀይ ወደ ጥቁር ይጠጋል፣ ጥርት ያለ ሰማይ ወረቀት መስሎ ይነጣል። ተራው የቀለም ማጥፊያ ትእዛዝ የጅራቱን አረንጓዴና ቀይ አንድ ግራጫ ያደርጋቸዋል፣ ሰንበሩ ይጠፋል። በፎቶሾፕ ቻናል ሚክሰር (የሦስቱን ቀለሞች ድርሻ የሚቀላቅለው መሣሪያ) ሞኖክሮም ምረጡና ቀይን 0፣ አረንጓዴን 40፣ ሰማያዊን 60 አድርጉት፤ ያኔ አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ቀዩ ይጠቁራል። የሰማያዊው ቻናል በስልክ ፎቶ ላይ ቶሎ ስለሚቆሽሽ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ትብነት) 100 ላይ ያዙ። የደመና ክምር የምትወዱ ከሆነ ሁሉንም ቀለም የሚያየውን ፓንክሮማቲክ ፊልምና ቢጫ ፊልተር አስቡ፤ እሱም በዘመኑ ነበር፣ ቅልቅሉ ግን ሌላ ነው።

የቆመ ፕሮፔለር። በደቂቃ 2,000 ዙር የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 12,000 ዲግሪ ይዞራል፤ 1/250 ሰከንድ በተከፈተ ሸተር 48 ዲግሪ ይጠርጋል። በፎቶሾፕ ስፒን ብለር (በክብ የሚያደበዝዘው) ማዕከሉን የፕሮፔለሩ እምብርት ላይ አድርጋችሁ 48 ዲግሪ ስጡት።

ሴፒያ፣ ያ ቡናማ መልክ፣ ሆን ተብሎ በኬሚካል የሚሰጥ ቀለም ነው፤ የዘመኑ አብዛኛው ህትመት ጥቁርና ነጭ ነበር። ካስፈለገ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ይበቃል።

ጭረትም ሕግ አለው። ኔጋቲቭ ላይ ያረፈ አቧራ ሲታተም ነጭ ነጥብ ይሆናል፤ የኔጋቲቩን ሽፋን የላጠ ጭረት ጥቁር መስመር፤ የታጠፈ ወረቀት ስንጥቅ ደግሞ ነጭ። ያቺ ከቀኝ ጥግ እንደ መብረቅ የምትሰነጥቀው፣ ከኢንተርኔት ተዘጋጅታ የምትወርድ ጭረት ግን ከተማውን አዳርሳለችና ትረፍ።

ግሬን፣ ማለትም የፊልሙ ደቃቅ ነጠብጣብ፣ መጨረሻ ላይ፣ በሁሉም ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። አውሮፕላኑ ለብቻው ግሬን ካለው ተለጥፏል ማለት ነው። 4,000 ፒክስል ስፋት ላለው ሥራ 50 ፐርሰንት ግራጫ ሌየር ላይ ከ6 እስከ 8 ፐርሰንት ኖይዝ፣ 0.6 ፒክስል ብለር፣ ከዚያ ኦቨርሌይ። ከ9 በ12 ሴንቲ ሜትር መስታወት ኔጋቲቭ በቀጥታ የታተመ ፎቶ ግሬኑ እንደማይታይም እወቁ። ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን መለኪያ ጥቁሩን 18፣ ነጩን 235 ላይ አቁሙ፤ ያረጀ ወረቀት ድፍን ጥቁርም ጥርት ያለ ነጭም የለውም።

«ቅንብር» የሚለው ቃል ምስሉ ውስጥ ይጻፍ። ከሥር የተጻፈ መግለጫ በሁለተኛው ሰው እጅ ይወድቃል፣ ፎቶውም በማግሥቱ «ታሪካዊ ማስረጃ» ሆኖ ይመጣል።

ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ጭመቃው ግሬኑን ይበላና ሰማዩን ትናንሽ አራት ማዕዘን ያደርገዋል።